ታፔላ ውስጥ የከረሙ ፕሬዝዳንቶች

መርሳ ውስጥ ሬዲዮ የሌለው ሰው እንኳ የአገሩ ፕሬዝዳንት መለወጡን በሙሄዲን ታፔላ ያውቅ ነበር።

ሙሄዲን ልብስ ሰፊ ነው። ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ገባ ብላ ባለች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ከአርባ ዓመት በላይ ሰፍቷል። ከበሩ በላይ «ሙሄዲን ልብስ ስፌት፣ ሱፍ፣ ቀሚስና ጥገና» የሚል ታፔላ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ ተሰቅሏል። ከላይም ከታችም የሚመጣ ሰው እንዲያነበው በሁለት ወገን የተጻፈ፣ በሁለቱ ቆርቆሮ መካከል ባዶ ሆድ ያለው ታፔላ ነው። አገሪቱ አዲስ ፕሬዝዳንት በሾመች በሳምንቱ፣ በረንዳውን የሚጋራው ሲራክ መሰላል ያቆምና ታፔላውን ያወርደዋል። ቤቱ አስገብቶ ሁለት ቀን ያቆየዋል፤ በሦስተኛው ቀን ቀለሙ እያበራ መልሶ ይሰቅለዋል። ዋጋ አይጠራም።

«መንግሥት ምን አደረገልን ትላላችሁ» ይል ነበር ሙሄዲን ሱሪ ለሚያሳጥረው ሁሉ። «እኔ ግን አልሐምዱሊላህ፣ በተለወጠ ቁጥር ታፔላዬ ይታደስልኛል። ወዳጅ ማለት እንደ ሲራክ ነው!»

ሲራክ ይህን ሲሰማ ብሩሹን በነጭ ጋዝ እያጠበ ያቀረቅራል። ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

ሲራክ የታፔላ ጸሐፊ ነው። መርሳ ላይ የፀጉር ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የምግብ ቤቱን ስም የጻፈው እሱ ነው፤ ባጃጅ ጀርባ ላይ «ቀስ በል ወንድሜ» ብሎ የጻፈም እሱ ነው። ሰው መሣልም ይችላል፤ ግን ከፎቶ ብቻ። ፎቶው ላይ ክር እየወጠረ ትናንሽ አራት ማዕዘን ያበጅና፣ አንድ በአንድ ወደ ትልቁ ሸራ ያሻግራቸዋል። ፎቶው ላይ የማይታይ ነገር ሲገጥመው ደግሞ ቀና ብሎ ከፊቱ ካለው ሰው ይወስዳል። ከፊቱ ያለው ሰው ምንጊዜም ሙሄዲን ነው።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዝዳንት የሚባል ሲኖራት፣ የቀበሌው ሰዎች ሲራክን ጠርተው አንድ ጉርድ ፎቶ ሰጡት። ለበዓሉ በር የሚያህል አድርጎ እንዲያሳድገው ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ፎቶው እንዳይለወጥ ብሎ ማኅተም ረግጦበታል፤ ማኅተሙም ያረፈው ግራ ጆሮው ላይ ነው። ቀኙን ጥላ ውጦታል። «የፕሬዝዳንቱ ጆሮ አልታይ አለኝ» ብሎ ማመልከት በዚያ ዘመን የሚደፈር አልነበረም። ሲራክ ጨነቀው፤ ቀና አለ። በረንዳው ላይ ሙሄዲን ኮፍያውን አውልቆ የላላ ክሩን ይጠግናል። ጆሮው ከራሱ ግራና ቀኝ እንደ ማሰሮ እጀታ ቆሞ፣ ፀሐዩ ከኋላ እየመታው ቀልቷል። ሲራክ ትንሽ አሳነሰና ወሰደው።

ሥዕሉ አዳራሽ ተሰቀለ፤ ተጨበጨበለት፤ ማንም ምንም አላለም። ሲራክ ግን ቤቱ ገብቶ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ያንኑ ፕሬዝዳንት ለሚስቱ ለአሰለፈች እንደገና ሣለላት። ሰውየው ገጹን ሞልቶ እንደ ተራራ ቆሟል፤ ሕዝቡ ከጫማው ሥር ጉንዳን ያክላል። ያኔ ፕሬዝዳንትን አሳንሶ መሣል በር ዘግተውም ያስፈራ ነበርና ሲራክ ትልቅነቱን አልነካበትም። ጆሮውን ብቻ፣ ከሙሄዲን እንደወሰደው፣ ሳያሳንስ አስቀመጠለት።

የአሰለፈች ሳቅ ቶሎ የሚያልቅ አልነበረም። መጀመሪያ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከዚያ ግድግዳውን ትደገፋለች፤ ከዚያ ግድግዳውም አብሯት የሚስቅ ይመስላል። የዚያ ጭቃ ግድግዳ ማዶ የሙሄዲን ቤት ነው።

«አሰለፈች!» አለ ሙሄዲን ከማዶ ግድግዳውን እየደበደበ። «ምን ተገኝቶ ነው? ለኛም አካፍሉን እንጂ!»

«ምንም አይደል አያ ሙሄ! ሲራክ ነው፣ ሊገድለኝ ነው!»

ያንን ወረቀት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። መቅደድ ደግሞ አሰለፈች አልፈቀደችም። መላውን ያመጣችው እሷ ናት።

«የሙሄዲን ታፔላ ሆዱ ባዶ አይደለም?» አለችው። «ካድሬ ሣጥን ይፈትሻል፣ ጣሪያ ይፈትሻል። የልብስ ሰፊ ታፔላ ፈትቶ የሚያይ ካድሬ ገና አልተወለደም።»

«ቢገኝስ? ሙሄ አይታሰርም?»

«ሳይሣቅ ከሚኖር…» ብላ ጀመረችና ራሷም ደነገጠች። «አይገኝም» አለች።

አልተገኘም። ታፔላው ወርዶ ተቀብቶ ተሰቀለ፤ ሙሄዲንም ምርቃት አወረደ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ።

ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ የመጀመሪያው ሄደ። በእሱ እግር አንድ ሳምንት ብቻ የቆየ ሰው መጣ፤ ሲራክ ሁልጊዜም ከጆሮው ነበርና የሚጀምረው፣ ሁለቱን ጆሮ ሠርቶ ሳይጨርስ ሰውየው ወረደ። ፊት የሌለው ጆሮ ብቻውን ታፔላ ውስጥ ገባ። የግል ጋዜጦች በአውቶቡስ ሳምንት ዘግይተው መርሳ መድረስ ሲጀምሩ፣ ሲራክ በነሱ ካርቱን ራስ ማግዘፍና እግር ማቅጠን ተማረ፤ የዚያ ዘመኑ ፕሬዝዳንትም ተራራ መሆኑ ቀርቶ በሁለት ስንደዶ ላይ የቆመ ዱባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ሲሄድ፣ ለፕሬዝዳንቱ የተረፈው ሪባን መቁረጥ ነበር። ሲራክም እግሩ መሬት በማይደርስበት ወንበር ላይ አስቀምጦ ትልቁን የሙሄዲንን መቀስ አስያዘው። ቀጣዩን ደግሞ አንዲት ሪባን ፍለጋ አገር ለአገር ሲዞር ሣለው። ሌላውን ሲያዛጋ። አካሉ ይለዋወጣል፣ ግዝፈቱ ይለዋወጣል፤ ጆሮው ያው ነው። በመካከል ጥቁሩ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት በተመረጠ ጊዜ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ እንዲሣልለት ሲራክን ጠየቀው። ሲራክ ክሩን ወጥሮ ሲጀምር ሳቁ አመለጠው፤ የሰውየው ጆሮ ራሱ ቆሞ ነበርና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሙሄዲን የሚበደረው ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ከሙሄዲን ጀርባ የተደረገ መሆኑ ሲራክን የሚያስጨንቀው በምክንያት ነው። ሙሄዲን ቀልድ የማይወድ ሰው አይደለም። በሚስቱ በዘይነባ ወጥ ይቀልዳል፣ በራሱ ጥርስ ይቀልዳል። በጆሮው ግን አይቀለድም። ልጅ ሳሉ «ነፋስ ሲነሳ ሙሄን ያዙት» እያሉ አንገብግበውታል። ያኔ ሲራክን ብቻውን ወስዶ «አንተ አንድ ቀን ብታነሳት ያን ቀን አበቃን» ብሎታል። ካደገ በኋላ ከደንበኞች ሱፍ ገበር ቅዳጅ ጆሮ የሚሸፍን ጥልቅ ኮፍያ ሰፋ፤ አናቱ ላይ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ተከለበት። በመርሳ ሙቀት ያንን ኮፍያ አጥልቆ ሲሰፋ ላቡ ጨርቁ ላይ ጠብ ይላል፤ አያወልቀውም። የሚኒባስ ሾፌሩ አበባው አንድ ሠርግ ላይ «ሙሄዲን፣ በሩን ዝጋልን ነፋስ ገባ» ቢለው፣ እነሆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ ነፍጎታል። የሚኖሩት አንድ መንደር ውስጥ ነው።

ከዚያም ሴት ፕሬዝዳንት ሆነች። ሲራክ ወረቀቱን ዘርግቶ ወደ በረንዳው ቀና ሲል አሰለፈች አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ለዚችኛዋ ሙሄ አይሆንም» አለችው። «እኔ እቀመጣለሁ።»

ሻሿን አሰረች፤ ወንበር ላይ ወጥታ ተኮፈሰች፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፕሬዝዳንት ሆነች። «ክብርት ፕሬዝዳንት፣ አትንቀሳቀሺ» ሲላት «ሻይ ይቅረብልኝ» ትላለች። ሻይ ሲያቀርብ «የምን ስኳር ነው ይሄ? አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም» ትላለች። በሥዕሉ ላይ አንዷ የፊት ጥርሷ ከጓደኛዋ ላይ ትንሽ ተደርባ፣ ሳቅ ስታፍን ትታያለች።

ጦርነቱ ሲመጣ የመርሳ ሰው ልጁንና ስንቁን ይዞ ሸሸ፤ ፕሬዝዳንቶቹ ታፔላው ውስጥ ቀሩ። ሲመለሱ የሙሄዲን ሱቅ ባዶውን ቆሟል፤ መኪናው የለም፣ ጨርቁ የለም። ታፔላው አለ። ሲራክና አሰለፈች ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ተያዩ።

አሰለፈች ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥር ላይ፣ ወልድያ ታክማ ሳትድን አረፈች። ባለፈው ዓመት አዲስ ፕሬዝዳንት ሲሾም ሲራክ መሰላል አላቆመም። ሙሄዲን አንድ ሳምንት ጠበቀ፤ አንድ ወር ጠበቀ። ታፔላው ላይ «ጥገና» የሚለው ቃል ዝገት በልቶት ነበር።

ሚያዝያ ላይ ነው እንግዲህ ልዑል የሚባል ወጣት ከወልድያ የመጣው። በባህል ሥራ የተቀጠረ፣ ትሑት ልጅ ነው። በረንዳው ላይ ሙሄዲን ለዙህር ሶላት ሄዶ ሲራክ ብቻውን ነበር።

«ጋሼ፣ እትዬ አሰለፈች ልከውኝ ነው የመጣሁት» አለ።

ሲራክ ብሩሹን አስቀመጠ።

«ሆስፒታል ከእናቴ አልጋ ጎን ተኝተው ነበር» አለ ልዑል። «እርስዎ ምግብ ሊያመጡ ሲወጡ አንድ ታሪክ ነገሩን፤ እናቴ ስፌቷ እስኪያማት ነው የሣቀችው። ‹ፕሬዝዳንቶቹ ሁሉ አንድ ልብስ ሰፊ ራስ ላይ ተሰቅለዋል› ብለው። የማን ጆሮ እንደሆነ ግን አልነግርህም አሉኝ። ‹እኔ ስሄድ አውጥታችሁ ለሰው አሳዩልኝ፤ ሲራክ ራሱ አያወጣቸውም› አሉ። ፕሬዝዳንቶች በካርቱን ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ልንከፍት ነው። ቃላቸውን ልጠብቅ ብዬ ነው።»

ሲራክ በሁለት ወገን ተያዘ። አይሆንም ቢል የእሷን የመጨረሻ ቃል መሻር ነው። ይሁን ቢል ከመርሳ ወልድያ ሰው የማይመላለስበት ቀን የለም፤ ያንን ጆሮ ደግሞ ኮፍያ ሸፈነውም አልሸፈነው የመርሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሙሄዲን በሰማ ቀን ያበቃል። አሰለፈች ከሄደች ወዲህ በቀን ውስጥ የሚያናግረው ሰው ቢኖር ሙሄዲን ነው፤ ጠዋት «አደርክ?» የሚለው እሱ፣ ማታ «በል ደህና እደር፣ በሩን ግጠመው» የሚለው እሱ።

«በሳምንትህ ና» አለው ልጁን።

በማግስቱ መሰላሉን አቆመ። ሙሄዲን ሲያየው ከጦርነቱ በኋላ ከገዛው የስፌት መኪና ተነሣ።

«አይ የኔ ወንድም!» አለ። «እኔ እኮ ረሳኝ ብዬ… ቆይ፣ ቆይ፣ መሰላሉን እኔ ልያዝልህ!» ለሲራክም ከሥር ሆኖ መሰላሉን ያዘለት። ሲራክ ላይ ሆኖ ወደ ታች ሳያይ ብሎኑን ፈታ።

ቤቱን ዘግቶ ፕሬዝዳንቶቹን አወጣቸው። ወረቀቱ ጠርዙ ተበልቷል እንጂ ደህና ነው። የአሰለፈችን ሥዕል ግድግዳ ላይ አስደገፈውና አምስቱን ወንዶች ደረደራቸው። አሥር ጆሮ አፈጠጠበት። ሲራክ ሲያስብ ቆየና አንድ ብልሃት መጣለት፤ ጆሮ የሚሸፈነው በምንድን ነው? በኮፍያ ነው። ነጭ ወረቀት ቆርጦ አምስት ኮፍያ ሣለ፤ በኮላ እየቀባ እስከ ማጅራታቸው ድረስ አጠለቀላቸው። የአራት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀበት። ሲጨርስ አንዲት የጆሮ ጫፍ የምትታይ የለችም። ፊት የሌለውን ጆሮ ለማሳየት አይሆንም ብሎ መልሶ ታፔላው ውስጥ ከተተው። ታፔላውንም ቀባና ሰቀለ። የዚያን ቀን እንጀራው ጣፈጠው።

በብልሃቱ እንዴት እንደተማመነ ለማወቅ፣ የዐውደ ርእዩ ቀን ሙሄዲንን ራሱ ጋበዘው ማለት ይበቃል።

«ካርቱን ሥለህ ነበር እንዴ? ለኔ ሳታሳየኝ?» አለ ሙሄዲን ቅር እያለው።

«የወጣትነት ነገር ነው። ና አብረን እንሂድ።»

ተራ የደረሰው ሚኒባስ የአበባው ሆነ። ሙሄዲን ሌላ ልጠብቅ አለ፤ ሲራክ ለምኖ አስገባው። ከኋላ ተቀመጡ። አበባው በመስታወቱ አያቸው፤ ሙሄዲን መንገድ ላይ ያለችው ሲሪንቃ ከተማ እስኪደርሱ በመስኮት የበቆሎ ማሳ ይቆጥር ይመስል ፊቱን አላዞረም። አበባውም ወልድያ አራግፎ ሲጨርስ፣ ሰው ወደ አዳራሹ ሲጎርፍ ቢያይ መኪናውን ቆልፎ ተከተለ።

አዳራሹ ውስጥ ከየጋዜጣው የተሰበሰበ የየዘመኑ ካርቱን በግራ ግድግዳ ተሰቅሏል፤ የቀኙ ግድግዳ የሲራክ ነው። ሰው ከግራ እየሳቀ ይመጣል። ሲራክም በኩራት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ሙሄዲን መነጽሩን አደረገና ወደ መጀመሪያው ቀረበ።

ያኔ ነው አበባው ከኋላ የጮኸው።

«ኧረ በማርያም! ሙሄዲን! አንተ ነህ እንዴ እስከ ዛሬ ስታስተዳድረን የኖርከው?»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር። አዳራሹ ዞሮ ሥዕሎቹን አየ፣ ዞሮ ሙሄዲንን አየ፤ እንደገና ሥዕሎቹን አየ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ሲራክም ያኔ ዓይኑ ተገለጠለት። በሕይወቱ ሙሉ በቅርብ ያየው ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ አንድ ብቻ ነው። እጁ ሌላ ኮፍያ አያውቅም። አምስቱም ፕሬዝዳንቶች ከገበር ቅዳጅ የተሰፋ፣ አናቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የተተከለ ኮፍያ እስከ ማጅራታቸው አጥልቀዋል። ጆሮውን አጠፋለሁ ብሎ ሙሉ ሙሄዲንን አምስት ጊዜ ሠርቷል።

ሙሄዲን አልሳቀም። እጁን አንስቶ አናቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ዳሰሰ።

«የኔ ባለ ሁለት ቀዳዳ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ይቺ ባለ አራት ናት።»

ልብስ ሰፊ ነውና ገበር ያለው ነገር ያውቃል። የመጀመሪያውን ኮፍያ ጠርዝ በጥፍሩ ነካ፤ ኮላው ለቀቀ። ገለጠው። ጆሮው ከሥሩ ብቅ አለ። ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ ገለጠ። ሦስተኛው። አራተኛው። አምስተኛው። ሳቁ በየኮፍያው እየቀነሰ መጥቶ በመጨረሻው ላይ ጸጥ አለ። ስድስተኛዋ ሥዕል ፊት ሲደርስ ሙሄዲን ጥቂት ቆመ፤ እሷን አልነካትም። ወጣ።

ሲራክ መናኸሪያ ላይ ደረሰበት። ሌላ ሚኒባስ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሲሪንቃን አለፉ።

«መቼ ነው የጀመርከው?» አለ ሙሄዲን።

«በሰማንያ።»

«የት ነበር የምታስቀምጣቸው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ሲራክ ግን ሰልችቶት ነበር።

«ታፔላህ ውስጥ።»

ሙሄዲን ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያጥፍ ሲራክ አየው። ሰውየው ፕሬዝዳንቶቹን እየቆጠረ አልነበረም፤ የታደሰለትን ታፔላ ነው።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ለኔ ብለህ መስሎኝ ነበር።»

መርሳ ሲደርሱ ቀድሞ ወረደ።

ሦስት ቀን የልብስ ስፌቱ በር ተዘግቶ ቆየ። ጠዋት «አደርክ?» የሚል የለም፤ ማታም የለም። ሲራክ ግድግዳውን እያየ ተቀምጦ፣ ለአንድ ሱቅ «ሞባይል ጥገና» ሊጽፍ ይዞ የነበረውን ሰሌዳ ሁለት ጊዜ አበላሸ። አሰለፈች ብትኖር ምን ትለው እንደነበር ያውቃል። ‹አትሸፍነው ብዬህ አልነበር?› ትለው ነበር። ብላው ግን አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማ። ወጣ። ሙሄዲን ታፔላውን ራሱ አውርዶ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል፤ ብሎኖቹን በጥርሱ ይዟል። ራሱ ላይ ኮፍያ የለም። ኮፍያውን ከጠገነበት ከዚያ ከሰማንያው ቀን ወዲህ መንገድ ዳር ራሱን ገልጦ ያየው ሰው አልነበረም። ጆሮው ፀሐይ ስላልለመደ ከፊቱ ይልቅ የፈካ ነው።

«ይሄ ማን ነው?» አለ ብሎኖቹን ተፍቶ፣ ከታፔላው ያወጣውን ወረቀት እያሳየ። «ፊት የለውም።»

«አንድ ሳምንት የቆየው ነው። አልደረሰልኝም።»

«ጆሮው ግን ደርሷል።»

«ከእሱ ነው የምጀምረው።»

ሙሄዲን ወረቀቱን አገላበጠው። «ዘይነባ ‹በማን ነው የተቀለደው?› አለችኝ። ‹በፕሬዝዳንት› አልኳት። ‹እስቲ ልየው› ብላ ኮፍያዬን ከራሴ ላይ መንጭቃ አየችኝ። ሳቀች። ወላሂ ሲራክ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲያ ስቃ አታውቅም። ልደበድባት ነበር፤ ከዚያ ሳቁ አንድ ሰው አስታወሰኝ።»

ሲራክ አቀረቀረ።

«በየፕሬዝዳንቱ አንድ ቀን» አለ ሙሄዲን፣ «ከዚህ ግድግዳ ማዶ አሰለፈች፣ አሏህ ይዘንላት፣ ትስቅ ነበር። ምን ተገኝቶ ነው እያልኩ ስጠይቅ አንድም ቀን አልነገራችሁኝም። በኔ ነበር?»

«ባንተ ነበር።»

«ሁሌም?»

«ከስድስተኛዋ በቀር። እዚያ ላይ የሳቀችው በራሷ ነው።»

«እሷን አውቄያታለሁ። በጥርሷ።» ወረቀቱን ታፔላው ላይ አስቀመጠ። «እሷን ባለመሸፈንህ ብቻ ነው የመጣሁት። ሌላው ይቅር የሚባል እንዳይመስልህ። አበባው ደግሞ ሰላም ማለት ጀምሯል፤ ‹ክቡርነትዎ እንዴት አደሩ› ይለኛል። ምን ላድርገው? ወልድያን ሁሉ ልኮርፍ?»

የስፌት በርጩማውን ጎትቶ ሲራክ ፊት አቆመና ተቀመጠበት። ራሱን ቀጥ አደረገ።

«አዲሱ ፕሬዝዳንት ከተሾመ ዓመት አለፈው» አለ። «ጆሮ አላገኘም። ሣል።»

«ያ ወረቀት አለ እኮ፣ ጆሮው ተዘጋጅቶ…»

«ያ የወጣትነቴ ነው! አሁን አድጓል። አዲስ አውጣ።»

ሲራክ ገብቶ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አመጣ፤ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከአሰለፈች በኋላ ፕሬዝዳንት ሣለ የሚባለው ያን ቀን ነው። ግራውን ጆሮ ጀመረ። ከመንገዱ ማዶ ባጃጆች ይቆሙና አይተው ያልፋሉ፤ አንዱ ጥሩምባ ነፋ። ሙሄዲን አልዞረም።

«አትንቀሳቀስ፣ ክቡር ፕሬዝዳንት።»

«ሻይ አይቀርብም እንዴ?» አለ ሙሄዲን፤ ያንን ቃል ማን ትለው እንደነበር ሳያውቅ።

ሲራክ ወደ ግድግዳው አየና ቀጠለ። ቀኙን ጆሮ ሲጨርስ ሙሄዲን አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወረቀቱን አየ። ፊቱ ገና ባዶ ነው።

«ለስንቱ ጆሮዬን አበደርክ፤ አንዱም የሰማን አይመስለኝም» አለ። «ይሄኛውስ ይሰማ ይሆን?»

«ጆሮው ደህና ነው» አለ ሲራክ፣ እርሳሱን እየቀረጸ። «ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ሥራ አይደለም።»